የአሜሪካ ኮሌጅ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮመን አፕ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ሐምሌ 25 ለአዲሱ ዙር ይከፈታል። በዚያ ሰሞን አስራ ሁለተኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች የሚያሳዩኝ የኮሌጅ ዝርዝር ከአንድ ወረቀት የተቀዳ ይመስላል። ሃርቫርድ፣ ስታንፎርድ፣ ኤምአይቲ፣ ዬል። ከነሱ ቀጥሎ አክስት ወይም አጎት ያሉበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የብዙዎቹ መንገድ የሚበላሸው ግን ገና አንድ መስመር ድርሰት ሳይጽፉ፣ ዝርዝሩን ሲያወጡ ነው። ዝርዝሩ ከተሳሳተ ጥሩ ድርሰትም ጥሩ ውጤትም አያድንም። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ ምርጫው ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ልግባ፣ ገንዘቡ ይደረስበታል» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ብዙ የታወቁ የግል ኮሌጆች የትምህርት፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ሲደመር በዓመት ከ90 ሺህ ዶላር አልፏል። አሜሪካዊ ተማሪ ፋፍሳ የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ከመንግሥቱ እርዳታና ብድር ይጠይቃል። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የሚሄድ ግን ይህን አያገኝም። (በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ካላችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው። ፋፍሳ መሙላት ትችላላችሁ።) ስለዚህ ገንዘቡ የሚመጣው ከቤተሰብ፣ ከስፖንሰር ወይም ከራሱ ከኮሌጁ ነው። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ተማሪ እውነተኛው ተስፋ የመጨረሻው ነው።

ኮሌጆቹ ደግሞ ለውጭ ተማሪ ያላቸው እጅ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቂቶቹ «ኒድ ብላይንድ» ይባላሉ። ልጁን ለመቀበል ሲወስኑ ድጋፍ መጠየቁን ከቁጥር አያስገቡትም፣ ከተቀበሉት በኋላም የጎደለውን ሁሉ ይሞላሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ለውጭ ተማሪዎች እንዲህ ሲሠሩ ቆይተዋል። ዳርትመዝና ቦውዶይን እ.ኤ.አ. በ2022 ተጨመሩ። ብራውን ደግሞ በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ወደዚሁ ገባ።

ሁለተኛዎቹ «ኒድ አዌር» የሚባሉት ናቸው። የተቀበሉትን ተማሪ ሙሉ በሙሉ ይደግፋሉ፣ ነገር ግን ሲመርጡ ምን ያህል ገንዘብ እንደምትፈልጉ ያያሉ። ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ስዋርትሞር፣ ፖሞና፣ ማካሌስተር፣ ቫሳር፣ ማውንት ሆልዮክ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እዚህ ቤተሰባችሁ በዓመት ሦስት ሺህ ዶላር ብቻ መክፈል መቻሉና 30 ሺህ መክፈል መቻሉ በውሳኔው ላይ ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛዎቹ በውጤት ብቻ ቅናሽ የሚሰጡ ናቸው። ከ60 ሺህ ዶላር ላይ 20 ሺህ ይቀንሱና «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። ቀሪውን 40 ሺህ ግን ቤተሰብ ነው የሚከፍለው፣ ያውም በየዓመቱ። አራተኛዎቹ ለውጭ ተማሪ ምንም ወይም ከምንም የማይሻል ነገር የሚሰጡ ናቸው። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ይመደባሉ። በርክሊንና ዩሲኤልኤን የሚያስተዳድረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ አይሰጥም። እና አንድ ልጅ በዓመት አምስት ሺህ ዶላር የመክፈል አቅም ይዞ በርክሊ ቢያመለክት ምን ያገኛል? ቢቀበሉት እንኳ መሄድ አይችልም። እንደዚህ ተቀባይነት አግኝተው ደብዳቤውን ይዘው ቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ በጣም ያሳዝናል።

ይህን እንዴት ታውቃላችሁ? አብዛኞቹ ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጎግል ላይ ፈልጉ። ሰነዱ ውስጥ ኤች 6 የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ለስንት የውጭ ተማሪ ድጋፍ እንደሰጡ፣ ለአንዱ በአማካይ ስንት ዶላር እንደደረሰው ተጽፏል። አማካዩ ከዓመቱ ወጪ ጋር ከተቀራረበ ኮሌጁ በእውነት ይደግፋል ማለት ነው። አማካዩ 12 ሺህ ከሆነና ወጪው 70 ሺህ ከሆነ፣ ድረ ገጹ ላይ ያሉት የሚስቁ ተማሪዎች ፎቶ አያታላችሁ። አንድ ኮሌጅ ለማጣራት አስር ደቂቃ ይበቃል። የማንም አማካሪ ምክር ይህን ሰነድ አይተካውም።

«ድጋፍ አልፈልግም» ብሎ መሙላት

ከላይ ያለውን የሰማ ልጅ ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብ አለ። «ታዲያ ድጋፍ አልፈልግም ብዬ ልግባና ከገባሁ በኋላ ልጠይቅ።» ይህን የሚመክሩ ሰዎችም አሉ። እባካችሁ አትስሟቸው። ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ መጠየቅ እንደማይችል በግልጽ ጽፈዋል። በዚያ ላይ አይ-20 የሚባለውን የቪዛ ወረቀት ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የባንክ ማስረጃ ይጠየቃል። እዚያ ላይ ነው ሰው ወደ ፎርጅድ የሚገፋው። ፎርጅድ ሰነድ ከተገኘ ኮሌጁ ይሰርዛል፣ ቪዛውም ለሁልጊዜ ሊዘጋ ይችላል።

«እዚያ ሠርቼ እከፍላለሁ» የሚለውም ያው ነው። በኤፍ-1 ትምህርት ባለበት ወቅት መሥራት የሚቻለው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው። በሰዓት 15 ዶላር ብታገኙ፣ በ30 ሳምንት 9 ሺህ ዶላር ይሆናል፣ ያውም ግብር ሳይቀነስ። ለመጽሐፍ፣ ለስልክና ለጃኬት ጥሩ ገንዘብ ነው። የትምህርት ክፍያ ግን አይሆንም።

የብሩን ነገር መርሳት

ቤተሰብ «በዓመት 8 ሺህ ዶላር እንከፍላለን» ብሎ ከፈረመ ኮሌጁ በዶላር ይይዘዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። 8 ሺህ ዶላር ማለት 456 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው 8 ሺህ ዶላር ከ800 ሺህ ብር በላይ ሆነ። የአባት ደመወዝ ግን እጥፍ አልሆነም። ስለዚህ የቤተሰባችሁን ድርሻ ስታስቡ ዛሬ ባለው ምንዛሪ በጭንቅ የሚሞላውን ሳይሆን፣ ብሩ ቢወርድም የምትችሉትን ጻፉ። ለአራት ዓመት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍያ ጎድሎ መመለስ ጭራሽ ካለመሄድ ይከፋል።

የምንዛሪው ለውጥ የቤተሰቡን አቅም ካናጋው ደግሞ ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ መጻፍ ይቻላል። አንዳንዶቹ ያስተካክላሉ። ስትመርጡ ይህንንም ጠይቁ፦ «የአገሬ ገንዘብ ዋጋ ቢወርድ ድጋፉን ታሻሽላላችሁ?» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። የሚመልሱበት መንገድ ራሱ ስለ ኮሌጁ ብዙ ይነግራችኋል።

አክስት ያለችበትን ከተማ መምረጥ

ይህን ለወላጆችም ጭምር ነው የምጽፈው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። «እትዬ ቤት ታርፋለች፣ እንደ ነዋሪ ትከፍላለች» ይባላል። ማረፉ እውነት ነው። ክፍያው ግን አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ዝቅተኛ ዋጋ ለኤፍ-1 ተማሪ በአጠቃላይ አይሠራም። አክስትየው ሲልቨር ስፕሪንግ 20 ዓመት ብትኖርም፣ ግብር ብትከፍልም፣ የእህቷ ልጅ የውጭ ተማሪ ናት።

በዚያ አካባቢ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፣ ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ብዙ ሐበሻ አስተምረዋል። ከአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ በጣም ይረክሳሉ። ቤተሰብ በትክክል መክፈል ከቻለ ጥሩ መንገድ ነው። ግን ሁለት ዓመት ጨርሳችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትዛወሩ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ለጀማሪ ከሚሰጠው በጣም ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ አስልቶ መሄድ ልጅን መንገድ ላይ ያስቀራል።

ዘመድ ሌላ ጥቅም አለው፣ እሱን አልክድም። በበዓል የሚቀበል ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ወስና ነበር። እንዲህ ያለ ቪዛ ያለው ተማሪ ክረምት ላይ አገሩ ከገባ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ አለበት። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጡ ማደሪያው በገናና በክረምት ክፍት ስለመሆኑ አጣሩ። አንዳንዱ ኮሌጅ ዶርሙን ዘግቶ ሁሉንም ያስወጣል። ዘመድ የሌለው ልጅ ያኔ የት ይሄዳል?

«ኮሌጅ» ሲባል መናቅ

እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ፣ ኮሌጅ ትንሽ ነው። አንድ ልጅ «ስዋርትሞር ኮሌጅ ገባሁ» ቢል ጎረቤቱ «አይዞህ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ» ሊለው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ከሚባሉት፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ከሚያተኩሩት ትንንሽ ኮሌጆች አንዳንዶቹ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ለመግባት የሚከብዱ ናቸው። አምኸርስት ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሁለት ሺህ አይሞሉም። የሚያስተምሯችሁ ፕሮፌሰሮች ራሳቸው ናቸው፣ ስማችሁን ያውቃሉ፣ በኋላ ለማስተርስና ለፒኤችዲ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉላችሁ የሚጽፉት ስለሚያውቁት ሰው ሆኖ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቁት ከማካሌስተር ኮሌጅ ነው። ለወላጅ ለማስረዳት ይህ አንድ ስም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለኛ ዋናው ነገር ደግሞ እነዚህ ትንንሽ ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ ገንዘብ የሚያወጡ መሆናቸው ነው። በኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪዎቹ በሙሉ ግቢ ውስጥ ሥራ ይሠራሉ። የሚቀበለው የውጭ ተማሪ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ውድድሩ ከባድ ነው፣ ግን ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይገባዋል። ሴት ልጆች ደግሞ ማውንት ሆልዮክን፣ ስሚዝን፣ ብሪን ማርን ሳያዩ አይለፉ። «የሴቶች ብቻ» ተብሎ የሚታለፈው ጥሩ ዕድል ያሳዝነኛል።

ደረጃ ሰንጠረዥን እንደ መጨረሻ ቃል መቀበል

ዩኤስ ኒውስ የሚያወጣው ደረጃ ላይ በ2022 የሆነውን ተመልከቱ። ኮሎምቢያ ሁለተኛ ነበር። የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ዩኒቨርሲቲው የላከው መረጃ ትክክል አይደለም ብሎ ጻፈ። ዩኒቨርሲቲውም የተወሰነው መረጃ የተሳሳተ እንደነበር አመነ። በዚያው ዓመት ወደ 18ኛ ወረደ። መምህሮቹም ቤተ መጻሕፍቱም በአንድ ዓመት አልተለወጡም። የተለወጠው ቁጥሩ ነው። ሰንጠረዡን ስም ለመሰብሰብ ተጠቀሙበት፣ ለመወሰን ግን አይሆንም።

ስምም ያሳስታል። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ነው፣ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፍሎሪዳ። ኮርኔል ኮሌጅ አዮዋ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኒው ዮርክ። ዋሽንግተን በሚል ስም ሲያትል፣ ሴንት ሉዊስና ዲሲ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት ከተማውን እዩ።

«ሐኪም ለመሆን» ኮሌጅ መምረጥ

እዚህ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና ይገባል። እዚያ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ ኤምካት የሚባል ፈተና፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። የሚቀበሉትም ውስጥ የዓመታት ክፍያ አስቀድሞ በባንክ እንዲቀመጥ የሚጠይቁ አሉ። የመንግሥት ብድር እንደሌለ አስታውሱ። ይህን ለማንም ሕልም ለመስበር አይደለም የምጽፈው። ዋናው ሕልማችሁ ስቴቶስኮፕ ከሆነ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ሌላ የአገር ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤት ቀጥተኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። ወደ አሜሪካ ከሄዳችሁ ደግሞ ባዮሎጂ፣ ኒውሮሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ጤና ተምራችሁ ያለ ሕክምናም የሚያረካችሁ ሕይወት እንዳለ አምናችሁ ሂዱ።

ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት በትምህርት ክፍል ነው። ሲያትል ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሌላ ክፍል ገብቶ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ መዛወር በጣም ከባድ ነው። «ልግባና እቀይራለሁ» ከማለታችሁ በፊት መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ከምረቃ በኋላ ስለሚፈቀደው ሥራም አስቡ። ኦፒቲ የሚባለው ፈቃድ 12 ወር ነው። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ የተመረቀ ሌላ 24 ወር ሊጨምር ይችላል። አንዳንድ ኮሌጆች የኢኮኖሚክስ ዲግሪያቸውን በዚህ ምድብ ያስመዘግባሉ፣ አንዳንዶቹ አያስመዘግቡም። ተመሳሳይ ዲግሪ፣ የተለያየ ዕድል ነው።

ደላላን ማመን

«መቶ በመቶ ተቀባይነት እናስገኛለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ደላላውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «የሚከፍልህ ኮሌጁ ነው?» ብዙ ወኪሎች ተማሪ ለላኩበት ከኮሌጁ ኮሚሽን ይቀበላሉ። የሚከፍላቸውን ኮሌጅ እንጂ ለእናንተ የሚሻለውን አያሳዩአችሁም። በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚደገፈው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ አዲስ አበባ ውስጥም ያማክራል፣ ምክሩም በነፃ ነው።

ከኮሚሽን የባሰም አለ። ካሊፎርኒያ የነበረው ትራይ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 በፌዴራል ፖሊስ ተወረረ። ለብዙ የውጭ ተማሪዎች ቪዛ መቸብቸቢያ ሆኖ ተገኘ። ሚሺጋን ውስጥ ፋርሚንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጋለጥ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ራሳቸው ያቋቋሙት የማጥመጃ ትምህርት ቤት ነበር። አንድም ክፍል፣ አንድም መምህር አልነበረውም። በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጉዳት ደረሰባቸው። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ኮሌጅ «ቶሎ ክፈሉ፣ ቶሎ አይ-20 እንልካለን» ካላችሁ ቁሙ። በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ አክሬዲቴሽኑን (ዕውቅናውን)፣ «ስተዲ ኢን ዘ ስቴትስ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ደግሞ የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የተፈቀደለት መሆኑን አረጋግጡ።

ሁሉንም ከላይ መደርደር፣ ወይም ያለ ስሌት መጣደፍ

ሃርቫርድ ከ100 አመልካች የሚቀበለው አራት ገደማ ነው። ኤምአይቲ ከውጭ አመልካቾች የሚወስደው ከ100 ሁለት ገደማ ነው። ማመልከት አትተዉ፣ ግን ዝርዝሩ ሁሉ እንደዚህ ከሆነ ዓመቱን በሎተሪ አሳለፋችሁት። ኮመን አፕ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል። እኔ ከ10 እስከ 12 በደንብ የተጠኑ ኮሌጆችን እመርጣለሁ። ሁለት ሦስቱ ሩቅ፣ አብዛኞቹ በኤች 6 የተጣሩና ውጤታችሁ የሚመጥናቸው። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ «ፊ ዌቨር» (ከክፍያው ነፃ መሆን) ጠይቁ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ ፎርም ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ይህን መክፈል ለማይችል ኮሌጁ ሌላ ፎርም ሊልክ ስለሚችል ዝም አትበሉ፣ ጻፉ። ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም አጣሩ። ኤምአይቲ በ2022 መልሶ ግዴታ አደረገው፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ወሰኑ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጭራሽ አያዩትም።

ጥቅምት 22 አካባቢ የሚዘጋው «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው የቅድሚያ ማመልከቻ ቃል ኪዳን ነው። ከተቀበሏችሁ ሌላውን ማመልከቻ ሁሉ ትሰርዛላችሁ። የሚሰጡት ድጋፍ በእውነት ካልበቃ መውጣት ይቻላል፣ ግን ድጋፎችን የማወዳደር ዕድሉ ያመልጣችኋል። ሌላው የቅድሚያ ማመልከቻ፣ «ኧርሊ አክሽን»፣ ግን አያስርም። ሁለቱን የሚያምታታ ልጅ ብዙ ነው።

ማትሪኩን ከዝርዝሩ ውጭ ማድረግ

የአገር አቀፉ ፈተና ውጤት ባለፉት ዓመታት የወጣው መስከረም አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ትምህርት የሚጀምሩት ደግሞ ነሐሴ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻ ውጤት ሳያዩ ምዝገባ የማይፈቅድ ኮሌጅ ካለ፣ የተቀበሏችሁ ቢሆንም ትቸገራላችሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ገና ሲመረጥ «የኢትዮጵያ ውጤት የሚወጣው ከእናንተ ትምህርት መጀመሪያ በኋላ ነው፣ የትምህርት ቤቴ ትራንስክሪፕት ይበቃል?» ብላችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም የሚሉትን ለይታችሁ፣ አንድ ዓመት ቆይታችሁ ማመልከት ይሻል እንደሆነ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ያንን ዓመት የሚወስዱ ልጆች አሉ፣ ኮሌጆቹም እንደ ጉድለት አያዩትም። መልሱን በኢሜይል ያዙት፣ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።